ቲነሩን ወደ መደርደሪያው መልሰው

የእጅ ሥራ ዓምድ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ቀን ቀን ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ መኪና እቀባለሁ። ማታ ማታ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ሞዴሎች እሠራለሁ፤ አውሮፕላን፣ ታንክ፣ አሮጌ የጭነት መኪና። ሁለቱም የቀለም ሥራ ነው። ግን ጋራዥ ውስጥ የለመድነው ሁሉ ለፕላስቲክ አይሆንም። አንዳንዱ እንዲያውም ፕላስቲኩን ይበላዋል። በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚሁ ላይ የሚያጠነጥኑ ስለሆኑ አንድ ላይ አቀረብኳቸው። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ መሠረቱ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደሴ፣ ከሆጤ ነው። ዱባይ የምትሠራው እህቴ የቦይንግ 787 የሚገጣጠም ሞዴል ላከችልኝ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበርበት ዓይነት ማለት ነው። ሳጥኑ ላይ 1/144 ይላል፤ ከእውነተኛው 144 ጊዜ ያንሳል ማለት ነው። ከፍቼ ሳየው ክፍሎቹ ፍሬም ላይ ተንጠልጥለዋል። የመገጣጠሚያ ሥዕል አለው፤ ከቀለም በፊት ምን እንደሚደረግ ግን አይናገርም። አንዱ ጓደኛዬ «መጀመሪያ በቲነር እጠበው፣ ቅባቱ ይለቅልሃል» አለኝ። ሌላው «ፍሬሙ ላይ እንዳለ ስፕሬይ ንፋውና ከዚያ ገጣጥመው» ይላል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽር። እህትህ ደህና ዕቃ ነው የላከችልህ። የመጀመሪያውን ጓደኛህን አትስማው። ሁለተኛውን በግማሽ ስማው።

በቲነሩ ልጀምር። እኛ መኪና ከመቀባታችን በፊት አካሉን በቲነር እንወለውላለን። ላሜራ ስለሆነ ምንም አይለውም። ያንተ አውሮፕላን ግን ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ የተሠራ ነው። ፖሊስታይሪን ቲነር ሲነካው ይሟሟል። ቤንዚንም ያው ነው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶንም ያው ነው። ካላመንከኝ ከፍሬሙ ጥግ ትንሽ ቁረጥና ጠብታ ቲነር ጣል አድርግበት። ትንሽ ቆይተህ በስቴኪኒ ስትነካው እንደ ማስቲካ ይሳብልሃል። ክንፉ ላይ ያሉት ፀጉር የሚያካክሉ መስመሮች በቲነር ጨርቅ አንድ ጊዜ ከታሹ አለቀላቸው። ስለዚህ ቲነሩን ወደ መደርደሪያው መልሰው።

ጓደኛህ ስለ ቅባት ያነሳው ግን ከመሬት ተነስቶ አይደለም። እነዚህ ክፍሎች የሚወጡት ከብረት ፎርማ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ በከፍተኛ ግፊት ፎርማው ውስጥ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ፎርማው ለሁለት ይከፈትና ፍሬሙ ተገፍቶ ይወጣል። በቀላሉ እንዲላቀቅ ፎርማው ላይ ማላቀቂያ ቅባት ይደረግ ይሆናል፤ ከዚያ ቅሪቱ ክፍሎቹ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ሳጥኑን ከከፈትክበት ሰዓት ጀምሮ አንተም ጓደኞችህም ስትነካኩት ነው የከረማችሁት። የእጅም ወዝ ቅባት ነው። ቀለም ደግሞ ቅባት ላይ አይዝም። ዛሬ የያዘ ቢመስል ነገ ፕላስተር ስትለጥፍበት አብሮ ይነሳል።

መድኃኒቱ ላርጎ ነው። ለብ ያለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አድርግና ላርጎ ጠብ አድርግበት። ፍሬሞቹን ሳትበትን እንዳሉ ንከራቸው። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘህ በተለይ ጎድጎድ ያለውን ቦታ በቀስታ እሽ። ከዚያ ሳሙናው እስኪለቅ በንጹሕ ውሃ አለቅልቅ። የሳሙና ቅሪትም እንደ ቅባቱ ቀለም ያስለቅቃል። ውሃውን ስትደፋ በሻይ ማጥለያ አሳልፈው። ተላቆ የወደቀ ትንሽ ጎማ ቢኖር ቱቦ ውስጥ ከገባ በኋላ አታገኘውም።

የፈላ ውሃ አትጠቀም። ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለቀጭን ክንፍ ግን እሱም ይበቃዋል፤ ፖሊስታይሪን መቶ ዲግሪ ሳይሞላ መለስለስ ይጀምራል። ሳጥኑ ውስጥ ተጣሞ የመጣ ክፍል ካለህ ይኸው ጠባዩ ይጠቅምሃል። ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆየውና በጣትህ ቀስ ብለህ አቅናው። ሳትለቀው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው። ቀንቶ ይቀራል።

ለማድረቅ በነጠላ ወይም በፎጣ አትጥረግ፤ ክሩ ይቀርበታል። ንጹሕ ሸሚዝ ነገር ዘርግተህ ላዩ ላይ አስተኛውና ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ እንዳታሰጣው ብቻ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛህ እንምጣ። ፍሬም ላይ እያሉ መቀባት የሚቻልባቸው ክፍሎች አሉ። ጎማ፣ የሞተር ውስጥ ፋን፣ ጥቃቅን ነገር። ለመያዝም ይመቻል። ዋናውን አካልና ክንፉን ግን እንዲህ ብትቀባ ሁለት ጣጣ ይመጣብሃል። አንደኛ፣ ክፍሉን ከፍሬሙ የሚያያይዘው ቀጭን አንገት ሲቆረጥ ቦታው ያልተቀባ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የሞዴል ሙጫ የሚሠራው ሁለቱን ፕላስቲኮች አሟሙቶ አንድ በማድረግ ነው። መሃል ላይ ቀለም ካለ ሙጫው የሚያሟሟው ቀለሙን ይሆንና መጋጠሚያው ቆይቶ ይላቀቃል። ስለዚህ አካሉንና ክንፉን መጀመሪያ ገጣጥም። ሞተሮቹን፣ ጎማዎቹንና መስታወቱን ለብቻ አቆይ። ቀድሞ የተቀባ ክፍል መለጠፍ ካለብህ ደግሞ ሙጫ የሚያርፍበትን ቦታ ብቻ በምላጭ ፋቅ።

ለመቁረጥ ሞባይል ጠጋኞች ሽቦ የሚቆርጡባትን ትንሽ መቁረጫ ፈልግ። ፒያሳ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ አታጣትም። አንድ ጎኗ ጠፍጣፋ መሆኑን አይተህ ግዛ። ስትቆርጥ ጠፍጣፋው ወደ ክፍሉ ይዙር። አንገቱን መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርገህ ቁረጥ። ክፍሉ ከፍሬሙ ከተለየ በኋላ የተረፈውን ጉጥ ጠጋ ብለህ ድገመው። በአንዴ ከሥሩ ከቆረጥክ ፕላስቲኩ ይጨነቅና ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ባስ ሲልም ይጎደጉዳል። በእጅ ጠምዝዞ መንቀል የሚባል ነገር የለም። መቁረጫ ከቸገረህ የጥፍር መቁረጫም ያደርሳል፤ አፉ ጎባጣ ስለሆነ ግን ጉጡን ትንሽ አስተርፈህ ቁረጥበት።

የተረፈውን ጉጥ በኩተር ስስ ስስ እያደረግህ ላጠው። ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። በውሃ የሚሠራውን ጥቁሩን ግዛ፤ ቁጥር 400፣ 800 እና 1000 ይበቁሃል። ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ስስ ይሆናል። ወረቀቱን ውሃ እያስነካህ ፍተግ። ብናኙ አይነሳም፣ ወረቀቱም ቶሎ አይደፈንም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው የፎርማውን መስመር ነው። ፎርማው ለሁለት የሚከፈት ስለሆነ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት ቦታ ክፍሉ ላይ ቀጭን ጠርዝ ይተዋል። ጎማው ዙሪያ ላይ ታየዋለህ፣ የማረፊያ እግሩ ላይ ታየዋለህ። ፕላስቲኩ ነጭ ወይም ግራጫ ከሆነ በዓይን አይታወቅም። በጥፍርህ እለፍበት። ጥፍርህን ከያዘው ከቀለም በኋላ ጎልቶ ይወጣል። የኩተሩን ስለት ቀጥ አድርገህ አቁምና ሳትቆርጥ ወደ ራስህ ጎን እየጎተትክ ፋቀው። ስስ ልጣጭ እየሆነ ይወጣል። ክቡ ነገር ላይ ጊዜ ስጠው፤ ቸኩለህ ከፋቅከው ክብነቱ ይጠፋል።

ያንተ አውሮፕላን ዋናው ፈተና ግን የአካሉ መጋጠሚያ ነው። እውነተኛው 787-8 ርዝመቱ 56.7 ሜትር ነው። ለ144 ስታካፍለው 39 ሴንቲሜትር ከምናምን ይመጣል። ከአፍንጫ እስከ ጅራት፣ ከላይም ከታችም፣ ይህን ሁሉ ርዝመት የሚያክል መስመር አለብህ ማለት ነው። ያውም ነጭ አንጸባራቂ ቀለም ሊያርፍበት። አንጸባራቂ ቀለም ምንም አይሸፍንልህም።

ሙጫ ሳታደርግ መጀመሪያ ገጥመህ በወረቀት ፕላስተር ያዘው። የማይገጥም ቦታ ካለ አሁኑኑ ይታይህ። ከዚያ ሙጫውን ቀብተህ ሁለቱን ግማሾች ጫን አድርግ። ከመጋጠሚያው ላይ የቀለጠ ፕላስቲክ በስሱ ፈንጠር ብሎ መውጣት አለበት፤ ጥሩ ምልክት ነው። አትንካው። ቢያንስ ሌሊቱን አሳድረው። ሲጠነክር ያንን ጉብታ በ400 ታስተካክለውና ወደ 800 ታልፋለህ። ብርጭቆ ወረቀቱን በጠንካራ እንጨት ሳይሆን በቁራጭ ስፖንጅ ላይ ጠቅልለው። አካሉ ክብ ነው፤ በጠንካራ ነገር ከፈተግከው ጀርባው ላይ ሜዳ ትሠራበታለህ። ስትፈትግ የጠፉ መስመሮች ካሉ ጎኑ ላይ ፕላስተር ለጥፈህ በመርፌ ጫፍ ቀስ እያልክ መልሰህ ጫራቸው።

አሁን የክፍሉን መብራት አጥፋና የሞባይልህን መብራት ከጎን ጣልበት። እኛም መኪና ላይ ስቱኮ ስንፈትሽ እንዲሁ ነው የምናደርገው። ከፊት የሚመጣ ብርሃን ያታልላል፤ ከጎን የሚመጣው ጉድጓዱንም ጉብታውንም ጥላ ያስይዘዋል።

ከዚያ ፕራይመር፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚነፋው መነሻ ቀለም ማለት ነው። ጋራዥ ያለው አንቲረስት ለብረት ነው፤ ለዚህ አያስፈልግህም። ግራጫ የፕላስቲክ ፕራይመር በስፕሬይ ጣሳ ካገኘህ ጥሩ ነው። የትኛውም ጣሳ ይሁን መጀመሪያ የተጣለ ፍሬም ላይ ሞክረው። ፍሬሙ ከተሸበሸበ አውሮፕላንህም ይሸበሸባል። ጣሳውን በደንብ ናጠው፤ ከ20 እስከ 25 ሴንቲሜትር አርቀህ ያዝ። መንፋት የምትጀምረው ከክፍሉ ውጭ ነው፣ የምታቆመውም ከክፍሉ ውጭ ነው። እጅህ መሃል ላይ አይቁም። በመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩ ገና እየታየ ከሆነ ትክክል ነህ። ሲደርቅ ትደግመዋለህ።

ፕራይመሩ ማጣበቂያ ብቻ አይደለም። በዓይንህ ያለፍከውን ሁሉ የሚያሳይህ እሱ ነው። የተሰነጠቀ መጋጠሚያ፣ የብርጭቆ ወረቀት ጭረት፣ የተረሳ ጉጥ፣ ሁሉም በግራጫው ላይ ይወጣል። አስተካክልና እዚያው ቦታ ላይ ፕራይመር ድገም። ይህን ማድረግ ያልተሳካልህ ምልክት አይደለም፤ ሥራው ራሱ እንዲህ ነው። ሁሉም ሲያምርልህ የመጨረሻውን ዙር በነጭ ፕራይመር አድርገው። ነጭ ቀለም ግራጫን ለመሸፈን ብዙ ይጠጣል፤ ሲበዛ ደግሞ መስመሮቹን ይደፍናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ኮምቦልቻ የምኖር መምህርት ነኝ። የ12 ዓመት ልጄ አጎቱ ያመጣለትን የጭነት መኪና ሞዴል ካልቀባሁ ብሎ ቤቱን አምሶታል። መከልከል አልፈልግም። ግን ኩተር አለ፣ ብናኝ አለ፣ የስፕሬዩ ሽታ አለ፤ ቤታችን ደግሞ ሁለት ክፍል ናት። ለመሆኑ ይሄ የልጅ መጫወቻ ነው ወይስ የትልቅ ሰው ሥራ?

መልስ፦ እህቴ፣ የሁለቱም ነው። እንዲያውም አጀማመሩ ከሁለቱም የወጣ ነው። ኤርፊክስ የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው የፈርጉሰን ትራክተር ሞዴል መጀመሪያ የተሠራው ለትራክተር ሻጮች ማስተዋወቂያ ነበር። ልጆች እጅ የገባው በኋላ ነው። ስለዚህ ልጅዎ ሲሠራ አጠገቡ ቢቀመጡ ማንም አይታዘብዎትም።

ከኩተሩም ከብናኙም በፊት የሚያሳስበኝ እሳት ነው። የስፕሬይ ጣሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ይቀጣጠላል፣ የቀለሙ ፈሳሽም ይቀጣጠላል። ከሰል የተያያዘበት፣ ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ በፍጹም እንዳይነፋ። ምድጃው ጠፍቷል ብለው አይዘናጉ፤ ረመጥ አመድ ሥር ተደብቆ ይቆያል። መንፋት ካለበት በረንዳ ላይ፣ ትልቅ ካርቶን በጎኑ አስተኝተው ውስጡ ይንፋ። እርስዎ አጠገቡ ሆነው። ለጉንፋን የምናደርገው ማስክ ብናኝ ይቀንሳል እንጂ የፈሳሹን ትነት አያስቀርም፤ እሱን ተማምኖ ክፍል ውስጥ መንፋት አይቻልም።

እኔን ከጠየቁኝ ግን በ12 ዓመት ስፕሬይ ይቅርበት። በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምና ሁለት ደህና ብሩሽ ይግዙለት። ሽታው ቀላል ነው፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። አንድ ነገር ብቻ፤ አክሪሊክ ቅባት ያለበት ፕላስቲክ ላይ እንደ ጤዛ እየተሰበሰበ ይሸሻል። ስለዚህ ከላይ ለደሴው ልጅ ያልኩት የላርጎ እጥበት ለእሱ የበለጠ ያስፈልገዋል። ፕራይመሩን እርስዎ ወይም አጎቱ በረንዳ ላይ ንፉለት፤ የቀረውን እሱ በብሩሽ ይቅባ።

ስለ ብናኙ አይጨነቁ። በውሃ ከፈተገ አይነሳም። የቆሸሸውን ውሃ ደፍቶ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረግ፤ እጁን ሳይታጠብ እንጀራ አይንካ። ለመያዝ እንዲመቸው ብርጭቆ ወረቀቱን በቀጭኑ ቆርጠው የአይስክሬም እንጨት ላይ ይለጥፉለት። አንዱ ላይ 400፣ ሌላው ላይ 800። ከሱቅ ከሚመጣው አይተናነስም።

ኩተሩን በተመለከተ፣ የደነዘ ስለት ከተሳለው ይበልጥ ያቆስላል። ደንዞ ስለማይቆርጥ ልጁ ይገፋዋል፣ ሲገፋው ያመልጠዋል። አዲስ ስለት፣ ከሥሩ ወፍራም ካርቶን፣ የያዘው እጅ ሁልጊዜ ከስለቱ ኋላ። ለጊዜው መቁረጡን እርስዎ ይቁረጡለት፣ መፈተጉን እሱ ይፈትግ። ዋናው ሥራ መፈተጉ ስለሆነ ቅር አይለውም።

ጥያቄ፦ ወንድም ጋሼ፣ እኔም ያንተው ሙያ ነኝ፤ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ቀለም እሠራለሁ። ልጄ 1/24 መኪና ሞዴል ይዞ መጣና እኔም ገባሁበት። ሁለቱን የምናደባልቀው የመኪና ስቱኮ አለኝ። 120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀትም ሞልቶኛል። በዚሁ ብሠራው ምን ይለኛል? ኮምፕሬሰሩስ?

መልስ፦ ባለሙያ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ መልሱንም ማሳጠር ይቻላል። ማጠንከሪያ የሚደባለቅበት ስቱኮ ይሆንሃል። የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን በኬሚካሉ ሥራ ስለሆነ ብዙም አይሰበሰብም። በስሱ ብቻ አድርግ። ላሜራ ላይ እንደምናደርገው በማንኪያ አትቆልለው፤ ሲጠነክር ይሞቃል፣ ቀጭኑን ፕላስቲክም ይነክሰዋል። በቱቦ የሚመጣውን ማጠንከሪያ የሌለውን ፑቲ ግን ተጠንቀቀው። ውስጡ ያለው ቲነር ነው። ወፍራም አድርገህ ከሞላህበት ከሥሩ ያለውን ፕላስቲክ ያለሰልሰዋል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰምጣል። ስስ አድርገህ፣ አሳድረህ፣ ደግመህ።

ለቀጭን ስንጥቅ እኔ ሱፐር ግሉ ነው የምመርጠው። በመርፌ ጫፍ ታስገባዋለህ፣ ሲይዝ ወዲያው ትፈትገዋለህ። ለነገ ካሳደርከው ከፕላስቲኩ በላይ ይጠነክርና ስትፈትግ ዙሪያውን ትበላዋለህ።

120ውን ለመኪናህ ተወው። የ0.1 ሚሊሜትር ጭረት 1/24 ሞዴል ላይ ማለት እውነተኛው መኪና ላይ 2.4 ሚሊሜትር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጭረት ያለበትን በር ደንበኛ ይቀበልሃል? እኛ ጋራዥ ውስጥ ወፍራም ፕራይመር ይሞላልናል፤ እዚህ ግን ወፍራም ቀለም የበሩን መስመር ይደፍነዋል። ከ400 ጀምር።

ኮምፕሬሰሩ ይሠራል። የቀለም መንፊያ ሽጉጡ ግን ለዚህ ትልቅ ነው፤ ኤርብራሽ የሚባለው ትንሹ መንፊያ ያስፈልግሃል። ግፊቱን ወደ 1 ወይም 1.5 ባር አውርደውና ውሃ ማጣሪያውን አትርሳ።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደሴ ነው። ሐምሌ ላይ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁ። ሲደርቅ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ቀለሙ ፎርጅድ ነው?

መልስ፦ ቀለሙን አትማ። ጥፋቱ የአየሩ ነው። ከቀለሙ ውስጥ ፈሳሹ በፍጥነት ሲተን የተቀባውን ነገር ያቀዘቅዘዋል። የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰበት ቀን አየሩ በእርጥበት የተሞላ ነው፤ ያ እርጥበት ቀዝቃዛው ቀለም ላይ ጠል ሆኖ ያርፍና ያነጣዋል። ክረምት ላይ ፀሐይ የወጣችበትን ረፋድ ጠብቅ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲከብድ ጣሳውን አስቀምጥ። ኮምቦልቻ ዘመድ ካለህ ሐረጎን ወርደህ እዚህ ብትቀባው ይሻልሃል፤ እኛ ጋ ሞቅ ይላል።

ጣሳው ራሱ ከቀዘቀዘ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ነው የሚወጣው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆየው። ለብ ያለ ነው ያልኩት፤ ጣሳው ላይ ከ50 ዲግሪ እንዳያልፍ ተጽፏል፣ ከልባቸው ነው የጻፉት። የነጣውን ደግሞ በደንብ ሲደርቅ በ1000 በውሃ ፈትገህ በደረቅ ቀን ደግመህ ንፋው።

ጥያቄ፦ ጥቃቅኖቹን ክፍሎች ስቴኪኒ ላይ አድርጌ ቲቪ የመጣበት ነጭ ፎም ላይ ሰካኋቸው። ስነፋ ፎሙ ቀለጠና ሁሉም ወደቁ። በዚያ ላይ የመኪናው መስታወት በሱፐር ግሉ ስለጥፈው ጉም ለበሰ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ፎሙም ፖሊስታይሪን ነው፤ ያውም በአየር የተነፋ። ስፕሬይ አይችልም። ወፍራም ካርቶን ላይ በምስማር ብሳና ስቴኪኒዎቹን እዚያ ሰካ። ክፍሉን ስቴኪኒው ላይ ለመያዝ በኋላ ሙጫ የሚያርፍበትን፣ የማይታየውን ጎን ምረጥ። የልብስ መቆንጠጫም ጥሩ ያዥ ነው።

መስታወቱን ያጎመው የሱፐር ግሉ ትነት ነው። ጉሙ ላዩ ላይ ከሆነ 1000 ላይ አታቁም፤ ስሱን 2000 ፈልግና በውሃ ከፈተግክ በኋላ የጥርስ ሳሙና በጨርቅ አድርገህ እሸው፤ አብዛኛው ይለቃል። ለሚቀጥለው መስታወት አናጢዎች የሚጠቀሙበትን ነጩን ኮላ ያዝ። ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ከተዝረከረከ በእርጥብ ጥጥ ታነሳዋለህ። መስታወት ከፍሬም ስትቆርጥም ራቅ አድርገህ ቁረጥና የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት ጨርስ። ይህ ፕላስቲክ ደረቅ ነው፤ በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ክፍሎቹን ጨርሼ ፍሬሙ ባዶውን ቀረ። እናቴ «ይሄን ቆሻሻ መቼ ነው የምትጥለው?» ትለኛለች። ልጣለው?

መልስ፦ እናትህን ይቅርታ ጠይቅና ደብቀው። አዲስ ቀለም ስትገዛ የምትሞክረው እሱ ላይ ነው። አዲስ ሙጫም እንዲሁ። ከእሱ መሙያም ይወጣል። ፍሬሙን በሩዝ መጠን ከትፈህ ግማሽ በደረሰ የሞዴል ሙጫ ጠርሙስ ውስጥ ጨምርና አሳድረው። ሟሙቶ ይወፍራል። ስንጥቅ ስትሞላበት ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ሲጠነክር እኩል ይፈተጋል። ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ጥቂት ቀን ስጠው።

ለአንቴናም ይሆናል። ቀጥ ያለ ቁራጭ በሁለት እጅህ ይዘህ ከሻማ ነበልባል ከፍ አድርገህ አዙረው። መለስለስ ሲጀምር ከሻማው አርቀውና ሳብ። ፈጠን ብለህ ከሳብከው እንደ ክር ይቀጥናል፤ ቀስ ካልክ ወፈር ይላል። ሲቀዘቅዝ በሚፈለገው ልክ ቁረጥና ለጥፍ። ሻማውን ከማብራትህ በፊት ግን የሙጫውን ጠርሙስ ክዳኑን ግጠምና ሌላ ክፍል ውሰደው።